35,000 ብር አለኝ፤ ለዋልካ መንገድ የትኛውን ብስክሌት ልግዛ?

የቢቸናው ሱፐርቫይዘር

እንዴት ከረማችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል። አሳጥሬ ብጠይቅ «ቁመትህ ስንት ነው? የት ነው የምትነዳው?» ስትሉኝ ሳምንቱ ያልቃልና ሁሉንም አንዴ ልዘርግፈው።

የክላስተር ሱፐርቫይዘር ነኝ። መኖሪያዬ ቢቸና ነው፤ የምከታተላቸው ትምህርት ቤቶች ግን ከዋናው መንገድ ገብተው፣ ገሚሶቹም ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው በኩል ናቸው። እስካሁን በእግሬ፣ በሰው ሞተር ኋላ፣ ሲብስም ጤፍ በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ነው የምደርሰው። ሞተር ለመግዛት አቅሙ የለኝም፤ ቢኖረኝም ቤንዚኑን አልችለውም። ስለዚህ ዕቁቤ ሲወጣልኝ ብስክሌት ልገዛ ቆረጥሁ። በእጄ ያለው 35,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ለሄልሜት፣ ለፓምፕና ለካላማዳሪያ (ለውስጥ ጎማ) መቅረት አለበት። ባለቤቴ ደግሞ ከዚያው ላይ ደብተርም ይገዛል ብላለች፤ እሷ ካለች ይገዛል።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ82 ነው፣ ክብደቴ 80 ኪሎ። ጀርባዬ ላይ ሁልጊዜ ቦርሳ አለ፤ የፈተና ሰሞን ቦርሳው ራሱ አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያክላል።

መሬቱን ለማታውቁት፦ ጥቁር ዋልካ ነው። ሲረጥብ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ይወጣና ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አጥንት) ሥር ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ጎማው አይዞርም፣ ተሸክሞ መሄድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ስለሆነ አያሳስቡኝም። ጣጣው ሰኔና መስከረም ነው። ከጥር ወዲያ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። መንገዱን አቋርጦ ያለፈው ችግር የለውም፣ ዘለል ብሎ ማለፍ ነው፤ ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚሄደው ውስጥ የፊት ጎማ ከገባ ግን ሰውየው በመሪው ላይ ተሻግሮ ነው የሚወርደው። ወደ ሸለቆው ሲዘቀዘቅ ዋልካው ያልቅና ኮረኮንች፣ ቀጥሎም ድንጋይ ይሆናል።

ባሕር ዳር ዞሬ ሦስት አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ባለ ሁለት ሾክ ነው፤ 26 ኢንች፣ «21 ማርሽ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል፣ 22,000 ብር። ሁለተኛው የፊት ሾክ ብቻ ያለው ሃርድቴይል ነው፤ ቴላዮው አሉሚኒየም፣ ጎማው 29 ኢንች፣ ዲስክ ፍሬኑ በሽቦ የሚሳብ፣ ማርሹ 3 በ8 (ከፊት 3፣ ከኋላ 8)፣ ከኋላ አልተስ የሚል ጽሑፍ አለበት፣ 31,000 ብር። ሦስተኛው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሃርድቴይል ነው፤ 27.5 ኢንች፣ የዘይት ዲስክ ፍሬን፣ የፊቱ ሾክ በአየር የሚሠራ፣ 34,000 ብር። ይኼኛው ሲያነሡት ቅልል ይላል።

የ12 ዓመቱ ልጄ ፎቶውን አይቶ የመጀመሪያውን መርጧል። የእኔ ልብ ሦስተኛው ላይ ነው፤ አእምሮዬ ግን ሁለተኛውን ይላል። እናንተስ?

ሞጣ ቀራንዮ

መምህር፣ ትንሽ ጨምርና በቅሎ ግዛ። ጎማዋ አይፈነዳ፣ ካቴናዋ (ሰንሰለቷ) አይበጠስ፣ ዋልካውንም ከአንተ በፊት ታውቀዋለች።

የቢቸናው ሱፐርቫይዘር

በቅሎዋ ቅዳሜና እሑድም ትበላለች ወንድሜ።

ግራሶ (ባሕር ዳር)

ሥራዬ ብስክሌት መጠገን ነው፤ የምነግርህ ጠረጴዛዬ ላይ የማየውን ነው።

ባለ ሁለት ሾኩን ተወው። ልጅህን አታስቀይመው፣ ለእሱ ሲያድግ ትገዛለታለህ። በዚያ ዋጋ የሚመጣ የኋላ ሾክ ባዶ ሞላ ነው፤ የሚያረግበው ዘይት የለውም። ዳገት ላይ በረገጥህ ቁጥር ጉልበትህ ጎማውን ሳይሆን ሞላውን ይጫናል፤ አንተ ታልባለህ፣ ብስክሌቱ ቁጭ ብድግ ይላል። መጋጠሚያው ላይ ያለው ቡሽ አቧራና ጭቃ ሲበላው ደግሞ የኋላ ጎማው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ክብደቱም ብዙውን ጊዜ 16፣ 17 ኪሎ ይደርሳል። አንተ ራስህ ተሸክሞ መሄድ አለ ብለሃል።

«21 ማርሽ» የሚለው ጽሑፍ 3 በ7 ማለት ብቻ ነው። ዳገት የሚያስወጣው የማርሽ ብዛት ሳይሆን ከፊት ያለው ትንሹና ከኋላ ያለው ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ ናቸው። የእያንዳንዳቸውን ጥርስ ጣትህን ይዘህ ቁጠር። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ከሆነ፣ በ29 ኢንች ጎማ ፔዳሉን አንዴ ስታዞር አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ትሄዳለህ። እሱ ቦርሳህን ይዞህ ይወጣል። ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ከሆነ ግን አንድ ዙር ከ2 ሜትር በላይ ነው፤ ቆመህ ካልረገጥህ አይሆንም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወርደህ ትገፋለህ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሻጭ የማይነግርህ። የኋላው ፒኞን (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፍሪዊል ነው፤ ጥርሱ ወደ ኋላ በነፃ ከሚያዞረው ክፍል ጋር አንድ ላይ ሆኖ ሞዞው (የጎማው መሀል እምብርት) ላይ እንደ ቡሎን ተጠምዝዞ ይታሰራል። በቀኝ በኩል ኩሽኔታው (ዘንጉን የሚያሽከረክሩት ኳሶች ቤት) ወደ ውስጥ ርቆ ስለሚቀመጥ ከኩሽኔታው እስከ ቴላዮው ድረስ ዘንጉ ያለ ደጋፊ ይቀራል። 80 ኪሎ ሰው፣ ቦርሳ፣ ስንጥቅ፤ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ቀጥሎ ይሰበራል። እኔ ጋ ተጎትቶ ከሚመጣው የኋላ ጎማ አብዛኛው ይኼ ነው። ሁለተኛው ካሴት ነው፤ እሱ ላይ ኩሽኔታው ወደ ቴላዮው ጠጋ ብሎ ስለሚቀመጥ ሸክሙን ይችላል።

እንዴት ትለያለህ? የኋላውን ጎማ አስወልቅ። ከጥርሶቹ መካከል፣ ትንሿ ጥርስ አጠገብ፣ መፍቻ የሚገባበት ጎድጎድ ያለ ክብ አለ። ጥርሶቹን ወደ ኋላ አሽከርክርና እሱን እየው። ክቡ ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። እሱ ቆሞ ጥርሶቹ ብቻ ከዞሩ ፍሪዊል ነው። «ባለ 8 ሁሉ ካሴት ነው» ካሉህ አትመን፤ ባለ 8 ፍሪዊልም አለ፣ እንዲያውም ዘንግ በመስበር እሱ ይብሳል።

አልተስ የሚለው ጽሑፍ መጥፎ አይደለም። ሺማኖ (የማርሽና የፍሬን ዕቃ የሚሠራው ፋብሪካ) ከታች ሲጀምር ቱርኒ፣ ቀጥሎ አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲኦሬ እያለ ይወጣል። ለአንተ ሥራ አልተስ ይበቃል። ግን የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ብቻ ጥሩ አድርገው የቀረውን ዝቅ የሚያደርጉ አሉ፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነዋ። መቀየሪያውንም፣ የፊቱንም፣ ሞዞውንም አንብብ።

ሦስተኛው ብስክሌት በራሱ ጥሩ ነው፤ አልዋሽህም። ጥያቄው ቢቸና ላይ ማን ይነካዋል ነው። የዘይት ፍሬን ዘይት ሲያንስበት መኪና መለዋወጫ ቤት ሄደህ የፍሬን ዘይት ትገዛለህ። እሱ ዶት (DOT) የሚባለው ዓይነት ነው። ሺማኖ ደግሞ የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። ዶት ካስገባህበት ውስጡ ያለውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ በቃ ፍሬኑ ሄደ። በዶት የሚሠሩ ሌሎች ፍሬኖችም አሉ፤ እነሱ ላይ ደግሞ የማዕድን ዘይት ማስገባት ያው ነው። የአየር ሾኩም በጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይነፋም፤ ለሾክ ብቻ የተሠራ ትንሽ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ይፈልጋል። ሻጩ እሱን ይጨምርልህ እንደሆነ ጠይቀው፤ የለውም፣ እኔ አውቃለሁ።

ጮቄ በፔዳል

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፤ ወደ ሮብ ገበያ አቅጣጫ ዳገቱን አዘውትሬ እነዳለሁ። ግራሶ ያሉት ብዙው ልክ ነው፤ ስለ ፍሬኑ ግን አልስማማም።

መውጣቱን ሁሉም ያወራል፣ እጅ የሚደክመው ግን ሲወረድ ነው። በሽቦ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ጣቶቼ ደንዝዘው የማርሽ መቀየሪያውን መጫን ያቅተኝ ነበር። የዘይት ፍሬን ካስገባሁ ወዲህ በአንድ ጣት ነው የምይዘው። እርስዎ ወደ ዓባይ በኩል የሚወርዱ ከሆነ፣ ያውም ከባድ ቦርሳ ይዘው፣ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ዘይቱም ካላፈሰሰ ዓመት ከዚያም በላይ ሳይነካ ይቆያል።

ሌላው ነገር የብስክሌቱ መጠን ነው። ማንም አላነሣውም። ሱቅ ውስጥ አብዛኛው ብስክሌት አንድ ልክ ነው የሚመጣው፤ 17 ኢንች ቴላዮ። እኔ 1 ሜትር ከ58 ስለሆንሁ ለእኔ ትልቅ ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ትንሽ ነው። በእርስዎ ቁመት 19 ወይም 20 ነው የሚሆነው፤ ፊደል ከተጻፈበት ኤል። ሻጩ «ኮርቻውን ከፍ እናደርገዋለን» ይልዎታል። ኮርቻው የቆመበት ቱቦ ላይ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል ሰረዝ አለ፤ ሰረዙ ከታየ ቱቦው ቴላዮውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከፍ ቢልም ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው ርቀት አይረዝምም፤ ጉልበትዎ ወደ መሪው እየተጠጋ ወገብዎ ይጎብጣል።

ኮርቻው ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉና ወደ ታች ይግፉት። እግርዎ ቀጥ ካለ ልኩ ነው፤ ሲነዱ በጣትዎ ሥር ስለሚረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ ይታጠፋል። ከዚያ ከኮርቻው ወርደው ወደ መሪው የሚሄደውን የላይኛውን ቱቦ በእግርዎ መካከል አድርገው ይቁሙ፤ በእግርዎና በቱቦው መካከል ጥቂት ጣት ክፍተት ይኑር። ስንጥቅ ላይ ድንገት ሲወርዱ ያ ክፍተት ምን እንደሚጠቅም ወንድ ለሆነ ሰው መንገር አይጠበቅብኝም።

ግራሶ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ስለ መውረዱ ልክ ነሽ። አልከራከርሽም። የዘይት ፍሬን ለእጅ ይሻላል። እኔ የምለው ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያይልሽ ሰው ታገኛለሽ፤ እሱ ጋ ግን ረቡዕ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ፍሬኑ እጀታው ድረስ ቢወርድበት አስጠጋግቶ ማሰር አይችልም። የሽቦውን ግን በአንድ መፍቻ የፍሬኑን ሸራ ያስጠጋል፣ ይሄዳል። የሽቦ ፍሬን እጅ የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው የሚያልፍበት ልባስ ውስጥ ጭቃና ዝገት ሲገባ ነው። አዲስ ልባስና አዲስ ሽቦ ርካሽ ነው፤ በዓመት አንዴ ከመስከረም ጭቃ በኋላ ይቀየር።

ሱፐርቫይዘር፣ ስለ ዋልካው የረሳሁት ነገር አለ። ከዳሌህ ሥር ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች አሉ። ጎማው በእነሱ መካከል የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጣትህን አስገባ። ግራም ቀኝም አውራ ጣት እንደ ልብ ካላለፈ፣ ያ ብስክሌት ለአስፋልት ነው። ከፊት ሹካው ቅስት ሥርም እንዲሁ። ጭቃው የሚጠቀጠቀው እዚያ ነው። ዲስክ ፍሬን የሚያስፈልግህም በዋናነት ለዚህ ነው፤ ቸርኬውን (ጎማው የሚገባበትን የብረት ክብ) የሚይዝ የድሮ ፍሬን ጭቃውን እዚያው ሰብስቦ ይይዝልሃል፣ አሸዋ ሲኖረው ደግሞ ቸርኬውን ይሞርደዋል።

የቢቸናው ሱፐርቫይዘር

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጎማው ስንት ይስፋ? ለጭቃው ጠበብ ያለ ይሻላል ይላሉ፤ ጠባብ ጎማ ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ሁለት ብስክሌት መግዛት አልችልም!

ግራሶ (ባሕር ዳር)

ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቅህ። ጭቃና ስንጥቅ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱንም የሚያስደስት ጎማ የለም። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ 2.1 ኢንች ጎማም ይገባበታል፣ 2.25ም ይገባበታል፤ ልዩነቱ ጠበብ ባለው ስንጥቅ ላይ ነው። ስለዚህ ለጭቃው ብለህ ግዛ፣ ስንጥቁን በዓይንህ ጠብቅ። 2.1፣ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ። ጥርሱ የተጠጋጋ ጎማ ዋልካውን ይዞ አይለቅም፤ የተራራቀው ሲሽከረከር ይወረውረዋል። የፊት ጎማህ ላይ ሽፋን ከሌለ ፊትህ ላይ ይወረውረዋል፣ እሱን ቻለው።

29 መሆኑ ለአንተ ጥሩ ነው፤ ጎማው ትልቅ ሲሆን ጉድጓድ ላይ ቶሎ አይወድቅም፣ ለቁመትህም ይስማማል። ግን ከባሕር ዳር አንድ ተጨማሪ ካላማዳሪያና ቢቻል አንድ ጎማ ይዘህ ሂድ። በየገጠሩ ከተማ ተሰቅሎ የምታየው 26 ነው። ጎማው ጎን ላይ ትንንሽ ቁጥር ተጽፏል፤ 29 ላይ 622፣ 27.5 ላይ 584፣ 26 ላይ 559። ስትገዛ ያንን ቁጥር እይ፤ በስልክ ሰው ስታስልክም ያንን ንገረው፣ ስህተት የለውም። ቫልቩ የመኪናው ዓይነት ወፍራሙ ይሁን፤ ቀጭኑ ከሆነ ጎሚስታው አስማሚ ካልያዝህለት አይነፋልህም። ጎሚስታው ደግሞ እስኪደርቅ ነው የሚነፋው። በአንተ ክብደት ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ወደ ድንጋዩ የምትወርድ ቀን 35 አድርገው፣ አለበለዚያ ቸርኬው ካላማዳሪያውን ድንጋይ ላይ ይነክሰዋል።

ጮቄ በፔዳል

የፊት ሾኩንም ሱቅ ውስጥ ይሞክሩት መምህር። የፊቱን ፍሬን ይያዙና በሁለት እጅ ክብደትዎን ጥለው ይጫኑት። ገብቶ በዝግታ መመለስ አለበት። ጧ ብሎ ከተመለሰ ሞላ ብቻ ነው። ፍሬኑን እንደያዙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀንቁት ከላዩ ወይም ከቱቦዎቹ መካከል ኳ ኳ ካለ ልል ነው። መቆለፊያ ካለው ቆልፈው ዳገት ይውጡበት፤ ቁልቁለት ላይ መክፈቱን አይርሱ።

የቢቸናው ሱፐርቫይዘር

ቅዳሜ ባሕር ዳር ነበርሁ። ማስመሪያ ይዤ ገባሁ፤ ሻጩ የትምህርት ሰው መሆኔን ሳልነግረው አወቀ።

ሁለተኛውን ከሥር እስከ ላይ አየሁት። ከፊት ትንሹ 22፣ ከኋላ ትልቁ 34። ጎማውን አስወልቄ ጥርሱን ወደ ኋላ ሳዞር ክቡ አብሮ ዞረ፤ ካሴት ነው። ከኋላ ቱቦዎቹ መካከል አውራ ጣቴ ያልፋል። ጎማው 2.1 ነው፣ ጥርሱ ግን የተጠጋጋ ነው። ቴላዮው 17።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን አላምን አልሁ። የፊቱ ዲስክ ፍሬን በስተቀኝ በኩል ነው። ሌሎቹን ሁሉ ዞሬ አየሁ፣ በስተግራ ናቸው። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «ሞዴሉ ነው» አለኝ።

ግራሶ (ባሕር ዳር)

ሃሃሃ! ሞዴሉ አይደለም፣ ሹካው ዞሮ ነው የተገጠመው። ከካርቶን አውጥቶ የገጠመው ልጅ ሹካውን ኋላውን ወደ ፊት አድርጎታል። አንተ ከተቀመጥህበት ሆነህ ስታይ የፊት ዲስክ በግራህ ነው መሆን ያለበት። እንዲያ ሆኖ ብትወስደው መሪው ይቅበዘበዝብሃል፣ እግርህም የፊት ጎማውን ይነካዋል። ይኼን በየሱቁ በር አያለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አይቶ ያልፈዋል። ስላየኸው ደስ ብሎኛል። 19 ካርቶን ውስጥ የለውም ወይ?

የቢቸናው ሱፐርቫይዘር

አለው። መጋዘን ውስጥ ያልተከፈተ 19 አለ፤ ረቡዕ አውጥቼ እሰጥሃለሁ ብሏል። ዋጋውም 30,000 ላይ ቆመ። የጎማውን ነገር ሳነሣበት ጥርሱ የተራራቀ የፊት ጎማ ልቀይርልህ አለ፣ የኋላው ግን በራሴ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ አንዴ ልየው ብዬ ብሄድ ተሸጧል። ቴላዮው ላይ ከመሪው ሥር፣ ብየዳው አጠገብ፣ ቀለሙ በክር ያህል ተሰንጥቆ አይቼ ነበር በፊት፤ ለገዛው ሰው ይቅናው።

የኋላውን ጎማ አሁን ልቀይር ወይስ ያለው እስኪያልቅ ልጠብቅ?

ግራሶ (ባሕር ዳር)

ጠብቅ። ጭቃ ላይ ዋናው የፊቱ ነው፤ የኋላው ቢንሸራተት ትስቃለህ፣ የፊቱ ቢንሸራተት ትወድቃለህ። የኋላውን ለሰኔ ግዛው። በተረፈህ ብር ሄልሜቱን ግዛ፣ ካላማዳሪያ ሁለት፣ ካቴና መበጠሻ አንድ፣ ዘይት ትንሽ።

ካርቶኑን ፊትህ ላይ አስከፍተው። ፔዳል ሲገጥሙ ቆመህ እይ፤ የግራው ፔዳል በተቃራኒው ነው የሚጠብቀው፣ ወደ ግራ። ልጆቹ እንደ ቀኙ በኃይል ይጠመዝዙትና የመጠምዘዣውን ጥርስ ይልጡታል፤ ከዚያ በየመንገዱ ይወልቅብሃል። መሪውን፣ ኮርቻውን፣ ሁሉን ቡሎን ራስህ ነካ ነካ አድርገህ አረጋግጥ።

አንድ ወር ገደማ ከነዳኸው በኋላ ጎማውን የሚያይልህ ሰው ፈልግና ራጂውን (ሞዞውንና ቸርኬውን የሚያገናኙትን ቀጫጭን ሽቦዎች) አስጠብቅ፤ አዲስ ቸርኬ ራጂው ይላላል፣ ክብደት ሲኖር ደግሞ ቶሎ ነው። ማስመሪያህንም አትጣለው። የካቴናውን 10 ሙሉ ጥንድ (ጠባቡና ሰፊው ቀለበት አንድ ላይ አንድ ጥንድ ነው) ከፒን መሀል እስከ ፒን መሀል ለካው፤ አዲሱ 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው። 25.5ን አልፎ ሲሄድ ካቴናውን ብቻ ቀይር። ካሳደርኸው ፒኞኑንም ይበላዋል፣ ያን ጊዜ ሁለቱንም ነው የምትገዛው።

ሞጣ ቀራንዮ

በቅሎ አሁንም አለች እኮ መምህር።

የቢቸናው ሱፐርቫይዘር

ፈተና ሲደርስ በበቅሎ ወረቀት ትጭንልኛለህ፤ በዚያ ብንስማማስ? ረቡዕ ካርቶኑ ሲከፈት ፎቶ አነሣላችኋለሁ፤ ዲስኩ በግራ መሆኑን አብረን እናያለን።